«ያዝ አደረጋት እንጂ አልመታትም»፦ ማነቅ ምንድን ነው?

ባል ሚስቱን አነቀ በተባለ ቁጥር «ያዝ አደረጋት እንጂ አልመታትም፤ ምልክት እንኳ የለባትም» የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም። ማነቅን የጥፊ ታናሽ ወንድም ያደረገው ማን እንደሆነ እንጃ።

በእጅ ይሁን በክንድ፣ በነጠላ ይሁን በቻርጀር ገመድ፣ ብዙው ሰው የሚያስበው አየር ማጣትን ነው፤ ቀድሞ የሚቋረጠው ግን ደሙ ነው። አትክልት የሚያጠጣ ጎማ ላይ ቢቆሙበት ጎማው አይበጠስም፣ ጭረትም አይታይበትም፤ አትክልቱ ግን ውኃ አያገኝም። ከአንገት ግራና ቀኝ ያሉት ደም ቅዳዎች ሲዘጉ ሰው ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ይስታል። እግር ሲነሣ ውኃው ይመለሳል። የጎማው የውስጥ ሽፋን ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ስንጥቁ ላይ ደም ይረጋል (ጎማ ደም አያረጋም፤ ምሳሌው እዚህ ያበቃል)፤ ከቀናት በኋላ ስትሮክ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ምልክትን በተመለከተ፣ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የሳንዲያጎ ጥናት 300 የማነቅ ጉዳዮችን መርምሮ በግማሾቹ ላይ ምንም የሚታይ ጉዳት አላገኘም። በጥቁር ቆዳ ላይ ሰንበር ይበልጥ ይደበቃል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ታንቀው የሚያውቁት በአጋራቸው የመገደል አደጋቸው ካልታነቁት 7 እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ የቡድን ንጽጽር ነው፤ እገሊት ትገደላለች ማለት አይደለም። ጠመንጃ በሞላበት አገር እንደተሠራም ልብ ይሏል።

የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የትዳር ጥቃትን ወደ 555–560 ይመራዋል። ሚዛኑ የአካል ወይም የጤና ጉዳት ነው፤ 560 («የእጅ እልፊት»፣ ማለትም ጉዳት ያላደረሰ ጥቃት) ደግሞ ሰንበርንና እብጠትን ከጉዳት አይቆጥርም። ስለዚህ ለሞት ሰከንዶች የቀሯት ሴት መዝገብ ከግፍትሪያ ጎን ሊቀመጥ ይችላል። እንግሊዝና ዌልስ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማነቅን ለብቻው ወንጀል አድርገው እስከ 5 ዓመት ያስቀጣሉ፤ የቁስል ማስረጃ አይጠየቅም።

ተጎጂዋን «አነቀሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይሠራም። ምግብም ያንቃል፣ ሰውም ራሱን ያንቃል፤ ብዙዎቹ «ኧረ ያዘኝ ብቻ» ይላሉ። «አንገትሽ ላይ እጁን ወይም ሌላ ነገር አድርጎ ያውቃል?» ይባል። ድምፅሽ ጎርንኗል? መዋጥ ያምሻል? ዓይንሽ ጨልሞ ነበር? ሽንት አምልጦሽ ነበር? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ፤ የአንገት ደም ሥሮችን የሚያሳየው በደም ሥር ማቅለሚያ መድኃኒት ተሰጥቶ የሚነሣ ሲቲ ስካን ይታዘዝላት። ሰንበር ዘግይቶ ስለሚወጣ ፎቶው ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ይደገም።

ራሷን ስታ እንደሆነ ግን እሷም ላታውቅ ትችላለች፤ ቃሏ የተቆራረጠውም ስለዋሸች ላይሆን ይችላል። «ወለሉ ላይ እንዴት እንደወደቅሽ ታስታውሺያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት።