2 = 1 የሚለው «ማረጋገጫ» የት ላይ ይሰበራል?

ሀ እና መ እኩል ናቸው እንበል። ሀ = መ የሚለውን በሁለቱም በኩል በሀ ስናባዛው ሀ² = ሀመ ይሆናል። ከሁለቱም መ² እንቀንስ፦ ሀ² − መ² = ሀመ − መ²። በቅንፍ ሲጻፍ (ሀ + መ)(ሀ − መ) = መ(ሀ − መ) ነው። የጋራውን ቅንፍ ከሰረዝነው ሀ + መ = መ ይቀራል፤ ሀ እና መ እኩል ስለሆኑ 2መ = መ፣ ስለዚህ 2 = 1!

ከመሰረዙ በፊት ያለው ሁሉ እንከን የለውም። ቅንፉን መሰረዝ ግን ሁለቱንም ወገን ለ(ሀ − መ) ማካፈል ነው፤ ሀ እና መ እኩል ከሆኑ ደግሞ ይህ ዜሮ ነው። ፊደሎቹ ዜሮውን ስለሚሸፍኑት ዓይን ያልፈዋል። በፊደሎቹ ምትክ 3 አስገብተው መስመር በመስመር ይፈትሹት፦ 9 = 9፣ 0 = 0፣ 6 × 0 = 3 × 0፣ ከዚያ በድንገት 6 = 3። እኩልነቱ መጀመሪያ የፈረሰበት መስመር ጥፋተኛው ነው። ማንኛውም ቁጥር በዜሮ ሲባዛ ዜሮ ስለሚሰጥ፣ ውጤቱ እኩል መሆኑ ተባዦቹ እኩል ናቸው አያሰኝም።

የዚህ እንቆቅልሽ ዘመድ ካሬ ሥርን ይጠቀማል፦ (−2)² = 2² እውነት ነው፣ −2 = 2 ግን ሐሰት። እዚያ የሚደበቀው ዜሮ ሳይሆን የመቀነስ ምልክቱ ነው።