ክሮስኦቨር ምንድን ነው? ሴንተር ስፒከር በእጃቸው ለሚሠሩ

ሴንተር ስፒከር፣ ማለትም በቤት ሲኒማ ከስክሪኑ ሥር ወይም በላይ መሐል ላይ የሚቀመጠውን ድምፅ ማጉያ፣ የሚሠራ ሰው ሳጥኑን በሚሊ ሜትር ለክቶ ይቆርጣል፣ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣውን ዉፈርና ቀጭኑን የሚያወጣውን ትዊተር አማርጦ ይገዛል። ድምፁን ለሁለቱ የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ላይ ሲደርስ ግን «2,500 ኸርዝ፣ 8 ኦም» (ኸርዝ የድግግሞሽ፣ ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) የተጻፈበት የተዘጋጀ ሰሌዳ ይገጥምና ጨረስኩ ይላል። ለምን ቢባል መልሱ ያው ነው፦ «ክሮስኦቨሩ ድምፁን 2,500 ላይ ይቆርጠዋል፤ የታችኛው ለዉፈር፣ የላይኛው ለትዊተር።» አይቆርጥም። ቀሪው ስህተት ሁሉ የሚወለደው «ይቆርጣል» ከምትለው ቃል ነው።

ክሮስኦቨር ርክክብ ነው። የዱላ ቅብብል ሩጫ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ተቀባዩ ዱላው እጁ እስኪገባ ቆሞ አይጠብቅም፤ ሁለቱ ሯጮች በእኩል ፍጥነት አብረው የሚሮጡበት ርቀት አለ። ዉፈርና ትዊተርም እንዲሁ ናቸው። በኦክታቭ፣ ማለትም ድግግሞሹ በእጥፍ በተለወጠ ቁጥር፣ 12 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚወርድ ክሮስኦቨር ርክክቡን 2,500 ላይ ቢያደርግ፣ ዉፈሩ 5,000 ላይ ገና 12 ዴሲቤል ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ እየሠራ ነው፤ ትዊተሩም 1,250 ላይ ቀድሞ መሮጥ ጀምሯል። ሁለቱ አብረው የሚጮኹበት ይህ ሰፊ ክልል የንግግር ተነባቢዎች፣ እነ ስ፣ ት፣ ክ፣ የሚለዩበት ነው። የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ደግሞ በሴንተሩ ነው።

ዱላ የሚወድቀው ሯጭ ስለደከመ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ካልተገጣጠሙም ይወድቃል። በድምፅ ይህ መገጣጠም ፌዝ ይባላል። በየመስመሩ አንድ ኮይል (ቀጭን ድምፅን የሚገታ የሽቦ ጥቅል) እና አንድ ካፓሲተር (ወፍራሙን የሚገታ ክፍል) ያለው ክሮስኦቨር ርክክቡ ላይ ሁለቱን ድምፆች በግማሽ ዑደት ያራርቃቸዋል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ይጠፋፋሉ። የትዊተሩ ሽቦ ተገልብጦ የሚገጠመው ለዚህ ነው። «ቀይ ከቀይ ካልተገናኘ ስህተት ነው» እያለ ትክክለኛውን ሥራ የሚያስፈታ መካሪ ይህን አላሰበበትም። እርግጥ መገልበጡም ሁልጊዜ አይሠራም። የዉፈሩ ኮን (የሚርገበገበው ሾጣጣ ገጽ) ወደ ውስጥ ስለሚገባ ድምፁ ከትዊተሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ኋላ ሊነሣ ይችላል። የ2,500 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 13.7 ሳንቲ ሜትር ነውና፣ ያቺ 2 ሳንቲ ሜትር የዑደቱን አንድ ሰባተኛ ታክላለች።

ስለዚህ በወረቀት አይወሰንም፣ ይለካል። ማይክሮፎኑን ከትዊተሩ ፊት ለፊት በ1 ሜትር ርቀት አቁሞ እንደ ሩም ኢኪው ዊዛርድ ባለ ነፃ ፕሮግራም መለካት፣ ከዚያ የትዊተሩን ሽቦ ብቻ ገልብጦ መድገም ነው። አንዱ አገጣጠም ርክክቡ ላይ 20 ዴሲቤል ገደማ የሚወርድ ጠባብ ጉድጓድ ካሳየ ሌላኛው ትክክል ነው። በሁለቱ ልኬቶች የተሳሉት መስመሮች ከተመሳሰሉ ግን ሁለቱ ድምፆች በሩብ ዑደት ተራርቀዋል ማለት ነውና የኮይሉ ወይም የካፓሲተሩ መጠን መለወጥ አለበት።

ወደ ሰሌዳው እንመለስ። «8 ኦም» የሚለው ጽሑፍ የሰሌዳው ባሕርይ አይደለም፤ ከኋላው 8 ኦም ይጫናል ተብሎ የተሰላ ነው። ለ8 ኦምና ለ2,500 ኸርዝ ስሌቱ 0.72 ሚሊ ሄንሪ ኮይልና 5.6 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይሰጣል። ሴንተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ባለ 8 ኦም ዉፈሮች በትይዩ ይገጠማሉ፤ ድምራቸው 4 ኦም ነው። ያን ጊዜ ዉፈሮቹ ርክክቡ ላይ በ3 ዴሲቤል ፈንታ በ9 ዴሲቤል ወርደው ይገኛሉ። አስረካቢው ዱላውን ሳያደርስ ቆመ ማለት ነው። ንግግሩ ከሩቅ የመጣ ይመስላል፤ ሰውየውም ትዊተሩን ይወቅሳል። ለ4 ኦም ኮይሉ በግማሽ ቀንሶ 0.36፣ ካፓሲተሩ በእጥፍ አድጎ 11.3 ገደማ መሆን አለበት። ይህም መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፦ የዉፈር ኦም ከድግግሞሹ ጋር ይወጣል ይወርዳል፣ ትዊተሩም ከታች በኩል በራሱ ባሕርይ ስለሚወርድ የሰሌዳው 12 ዴሲቤል ጆሮ ዘንድ ሲደርስ 24 ሊሆን ይችላል። ካፓሲተሮቹ ፖላሪቲ (የተለየ የፕላስና የማይነስ ጎን) የሌላቸው ይሁኑ። ኮይሎቹም ተራርቀው፣ አንዱ ተኝቶ ሌላው ቆሞ ይገጠሙ፤ ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ ከተቀመጡ አንዱ የሌላውን መግነጢሳዊ መስክ ይለቅማል።

ሴንተርን ከሌሎች ስፒከሮች የሚለየው መተኛቱ ነው። ትዊተሩ መሐል፣ ዉፈሮቹ ግራና ቀኝ። መሐል ለተቀመጠ ሰው የሁለቱ ዉፈሮች ርቀት እኩል ነው። 3 ሜትር ርቆ 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን የተቀመጠው ግን በ15 ዲግሪ ያዳምጣል። የዉፈሮቹ መሐል ለመሐል ርቀት 28 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የአንደኛው ድምፅ ለእሱ 7.2 ሳንቲ ሜትር ይዘገያል፤ ይህ የ2,400 ኸርዝ ገደማ ሞገድ ግማሽ ነው። ሁለቱ ዉፈሮች እዚያው ይጠፋፋሉ፤ ትዊተሩ ጉድጓዱን በከፊል ይሞላዋል እንጂ አይደፍነውም። ዱላውን ሁለት ሯጮች ይዘው ለአንድ ተቀባይ ሲሰጡ አንዱ እርምጃ ኋላ ቀረ። ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ በሚያከፋፍለው ሪሲቨር ኢኮላይዘር (የድምፅ ማስተካከያ) ይህ አይጠገንም፤ ለጎን ተቀማጩ የተጨመረው በመሐለኛው ጆሮ ላይ ይከመራል።

ቁመት ካለ ከሁሉ የሚሻለው ባለ አንድ ዉፈር ሳጥን ሠርቶ ማቆም ነው። ትዊተሩ ከላይ ዉፈሩ ከታች ሲሆን ወደ ጎን መቀመጥ ርክክቡን አያናጋም። ቁመት ከሌለ አንዱን ዉፈር በትልቅ ኮይል ከ500 ኸርዝ ጀምሮ ማውረድ ይቻላል። የቀረው ዉፈርና ትዊተር በ14 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ በዚያው 15 ዲግሪ የሚጠፋው 3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ግን በትክክል እኩል አይሰሙም። ድካሙን ለቻለ፣ መሐል ላይ ትዊተርን ከትንሽ ሚድሬንጅ (መካከለኛ ድምፅ ከሚያወጣ ስፒከር) በላይ አድርጎ የዉፈሮቹን ርክክብ ወደ 400 ኸርዝ ማውረድ ነው፤ እዚያ 7.2 ሳንቲ ሜትር የሞገዱ አንድ አሥራ ሁለተኛ ስለሆነ አይጎዳም። ትዊተሩን ዝቅ አድርጎ ማስረከብም ይረዳል፤ ነገር ግን ከራሱ የሬዞናንስ ነጥብ (በተፈጥሮው ከሚርገበገብበት ድግግሞሽ) እጥፍ በታች አይወረድ፣ ሊቃጠል ይችላል።

«ሪሲቨሬን ክሮስኦቨር 80 ላይ አድርጌዋለሁ፣ ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ለምን?» የሚልም አለ። ስሙ አንድ፣ ርክክቡ ሌላ ነው። ያኛው ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ለሚያወጣው ሰብዉፈር ይሰጣል፤ ትዊተሩ ላይ 300 ኸርዝ እንዳይገባ አያደርግም። ሕጉ ግን እዚያም ያው ነው። ብዙ ሪሲቨሮች በኦክታቭ ሴንተሩን በ12፣ ሰብዉፈሩን በ24 ዴሲቤል ያወርዳሉ። ሴንተሩ ዝግ (የአየር ቀዳዳ የሌለው) ሳጥን ሆኖ 80 ላይ በራሱ 3 ዴሲቤል እንዲወርድ ከተሠራ፣ የሪሲቨሩ 3 ተጨምሮ 6 ይሆናል። ሰብዉፈሩም እዚያ 6 ዴሲቤል ወርዶ ይጠብቀዋል።