«ኦሪት አልፏል» ለምትሉኝ

ደሴ ውስጥ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ይህን ሳይሰማ አይውልም። «መምህር፣ ኦሪት እኮ ጥላ ነው፤ አልፏል። ዘሌዋውያን ምን ያደርግልናል?» እንዲህ የሚሉኝ ልጆች መጽሐፉን ገልጠውት እንኳ አያውቁም።

ሊመጣ ላለው ለክርስቶስ ጥላ መባሉስ እውነት ነው። ዕብራውያን 10 እና ቆላስይስ 2 ላይ ተጽፏል። ጥላ ከንቱ ነው ያለው ግን ማነው? ወደ ማታ የጦሳ ጥላ ከተማው ላይ ሲወርድ «ተራራው የለም» የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ሁለቱን ፍየሎች እንያቸው። ዘሌዋውያን 16 ላይ፣ በማስተሰረያ ቀን፣ ሊቀ ካህናቱ በሁለት ፍየሎች ላይ ዕጣ ይጥላል። አንዱ ይታረድና ደሙ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባል። በሁለተኛው ራስ ላይ እጁን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዛል፤ ፍየሉም ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። አንድ ተማሪዬ «የታረደው ክርስቶስ፣ የተሰደደው ሰይጣን ነው» ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረኝ። ከየት አመጣኸው ስለው፣ ቲክቶክ ላይ! ምዕራፉን አብረን አነበብነው። ቁጥር 5 ሁለቱንም ለኃጢአት መሥዋዕት ይላቸዋል። ቁጥር 22 ደግሞ የተሰደደው ፍየል ኃጢአታቸውን ሁሉ ይሸከማል ይላል። «ታዲያ ኃጢአታችንን የተሸከመልን ሰይጣን ነው?» ስለው ዝም አለ። የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ ሁለቱንም ለክርስቶስ ነው የተረጎማቸው። የታረደው በሥጋ መሞቱን፣ የተለቀቀው ሕያው መሆኑን ያሳያሉ። አንድ ፍየል ሁለቱን አይችልም፤ ታርዶ በሕይወት አይሄድማ! ምዕራፉን ላላነበበ ይህ ሁሉ የለም።

የፋሲካው በግም እንደዚያው ነው። ዘጸአት 12 አጥንቱ እንዳይሰበር ያዝዛል። ዮሐንስ 19 ላይ ወታደሮቹ የሁለቱን ወንበዴዎች ጭን ሰብረው የጌታን ይተዉታል። ዘጸአትን የዘለለ አንባቢ ወንጌላዊው ይህን ለምን እንደጻፈው አይገባውም።

የምሰማቸውን ሌሎች አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

«ኦሪት ውስጥ ያለው ሁሉ ምሳሌ ነው።» አይደለም። ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት ስትሠራ ጣሪያው ላይ መከታ አድርግ ይላል። ሰው እንዳይወድቅ ነው፤ በቃ።

«አሥርቱ ትእዛዛትም አብረው አለፉ።» አትስረቅ የምን ጥላ ነው?

«ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ በሐዲስ ኪዳን የመጣ ነው።» ዘሌዋውያን 19፥18። ያው «ምን ያደርግልናል» የተባለው መጽሐፍ!

«በስምንተኛው ቀን እየገረዝን፣ አሳማ እየተውን፣ እኛ ገና በኦሪት ነን።» ይህ የቆየ ክስ ነው። አፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ መልሰውታል። ግዝረቱ የአገር ልማድ ነው አሉ። አሳማንም የሚበላውን አንንቅም፣ የማይበላውንም አናስገድድም አሉ። ግመል የሚበላ ሙስሊም ጎረቤት ላለን የወሎ ሰዎች ይህ መልስ ዛሬም ያገለግላል።

አሁን ምክር። ዘሌዋውያንን ከምዕራፍ 1 አትጀምሩ፤ ሦስተኛው ላይ ትተዉታላችሁ። ከ16 ጀምሩና ወዲያው ዕብራውያን 9ን አንብቡ። ከዚያ ዘጸአት 12ን ከዮሐንስ 19፣ ዘኍልቍ 21ን ከዮሐንስ 3 ጋር። አንድምታ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያናችንን የመጻሕፍት ትርጓሜ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ካለ ጠይቁት። መጀመሪያ ግን ንባቡን ጨርሱ። ሳያነቡ «መምህር፣ ምሳሌነቱ ምንድነው?» ለሚሉኝ ከእንግዲህ አልመልስም።