የነፍስ ማወቅ ልብ ወለዶች፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር መጽሐፍ እየተዋዋስን እናነባለን። አንድ ዓይነት ልብ ወለድ ግን ሁሌም ያጨቃጭቀናል። ከልጅነት ወደ አዋቂነት ስለሚወስደው መንገድ የሚተርከው ነው። እኔ «የነፍስ ማወቅ ልብ ወለድ» እለዋለሁ። ስለ እሱ ደጋግሜ ከምሰማቸው ስህተቶች አንዳንዶቹን ላንሳ።

«የልጆች መጽሐፍ ነው»

ባለታሪኩ ልጅ ስለሆነ አንባቢውም ልጅ ነው ማለት አይደለም። የቻርልስ ዲክንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» እንውሰድ። ፒፕ የሚባለው ልጅ ያልጠበቀው ገንዘብ ያገኝና ለንደን ይገባል። ያሳደገው የእህቱ ባል፣ ብረት ቀጥቃጩ ጆ፣ ሊጠይቀው ሲመጣ ያፍርበታል። ይህን የሚተርክልን ያደገው ፒፕ ራሱ ነው። አባቱ ጋቢ ለብሰው፣ በሶ ቋጥረው ከገጠር ሲመጡ ጓደኞቹ እንዳያዩአቸው የፈለገ ተማሪ ይህን ገጽ በቀላሉ አያልፈውም። የሚገባው ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

«ዋናው ነገር የመጀመሪያ ፍቅር ነው»

ፍቅር ብዙ ጊዜ አለ። ግን ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን መድረስና ነፍስ ማወቅ ይለያያሉ። አንዱ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። ሌላውን የሚያመጣው ሐዘን፣ እፍረት፣ ከቤት መውጣት፣ ወላጅም እንደሚሳሳት ማየት ነው።

«የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ጋ የለም»

ይሄኛው በጣም ያስቆጨኛል። ስያሜው እውነትም የጀርመኖች ነው። ካርል ሞርገንሽተርን የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1819 «ቢልዱንግስሮማን» ብሎ ሰየመው። ጉዳዩ ግን ጎጃም ውስጥ ደጃፋችን ላይ ነው።

የቆሎ ተማሪውን አስቡት። ስንቱ ልጅ ነው ለእናቱ እንኳ ሳይነግር ጠፍቶ የሄደው! ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ያድራል። ዋሸራ ወይም ጎንጅ ደርሶ ቅኔ ቤት ይገባል። እዚያ የሌላውን ቅኔ መሸምደድ አያዋጣም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን መቁጠር አለበት። ቤት ጥሎ መውጣት፣ ረሀብ፣ መምህር፣ በመጨረሻም የራስ ድምፅ። ከዚህ በላይ ምን የማደግ ታሪክ አለ?

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በፍቅሩ ይታወቃል። እኔ ግን የበዛብህን ክፍል እንደ ነፍስ ማወቅ ታሪክ ነው የማነበው። ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። አድጎ ልቡ ሌላ ሲል፣ እሱ ያልተሳለው ስለት ያስረዋል። የወላጅ ቃልና የራስ ምኞት ሲጋጩ ማየት በየትኛውም አገር የዚህ ዘውግ እምብርት ነው።

«የወንድ ልጅ ታሪክ ነው»

የበዛብህን ፍቅረኛ ሰብለወንጌልንስ? አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ የጠየቃትን ሁሉ አይመጥናትም እያሉ ሲመልሱ ዕድሜዋ ይሄዳል። በስተመጨረሻ ከቤት የምትወጣው ራሷ ወስና ነው።

ከዚህ ጋር ሁሌም ትዝ የምትለኝ ታምቡ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የዚምባብዌዋ ጺጺ ዳንጋሬምባ «ነርቨስ ኮንዲሽንስ» ባለታሪክ። ለትምህርት ቤት መክፈያ ብላ በቆሎ ትዘራለች። ወንድሟ እሸቱን እየሰረቀ ለጓደኞቹ ያድለዋል። በኋላ የተሻለው ትምህርት ቤት በር የተከፈተላት ይኸው ወንድሟ ሲሞት ነው። ሴት ልጅ «አንቺ ታገቢያለሽ፣ ትምህርት ምን ያደርግልሻል» በተባለችበት ቤት ሁሉ ይህ መጽሐፍ ቢነበብ ደስ ይለኛል።

«መጨረሻው ድል ነው»

ብዙ ጊዜ አይደለም። በንጉጊ ዋ ቲዮንጎ «ዊፕ ኖት፣ ቻይልድ» ውስጥ ንጆሮጌ ተስፋውን ሁሉ በትምህርት ላይ ጥሏል። የኬንያ ነፃነት ትግል ቤተሰቡን ሲበትን ትምህርቱ ይቋረጣል፤ ሕይወቱን ሊያጠፋም ይሞክራል። እናቱ በጨለማ ስትፈልገው ድምጿን ይሰማል። ተከትሏት ይመለሳል። ቤት ሲደርሱ ቀድሟቸው ሮጦ ለእናቱና ለእንጀራ እናቱ በር ይከፍታል። መጽሐፉ እዚያ ያልቃል።