የግሪክ ደሴት ክለቦችና አጭሩ የሊግ ቆይታቸው

ከ2016 እስከ 2020 ባለው ጊዜ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሦስት ትናንሽ የደሴት ክለቦች በግሪክ የቅርጫት ኳስ ከፍተኛ ሊግ ታይተው ጠፍተዋል። ዶክሳ ሌፍካዳስ አንድ የውድድር ዓመት ተጫወተ። ኪሚ ሦስት ዓመት ቆየ። ኢፌስቶስ ሊምኖስ ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ፣ እሱም ሳያልቅ የተቋረጠ። ከፓናቲናይኮስና ከኦሊምፒያኮስ ዝና አጠገብ የእነሱ ስም ከቁጥር አይገባም። ታሪካቸው ግን አንድ ትንሽ ከተማ በትልቅ ሊግ ውስጥ ምን ያህል መቆየት እንደምትችል በደንብ ያሳያል።

መነሻው ራቅ ይላል። ጁን 14 ቀን 1987 ግሪክ በአውሮፓ የቅርጫት ኳስ ዋንጫ ፍጻሜ ሶቭየት ኅብረትን በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ 101 አሸነፈች። ጨዋታው የተደረገው አቴንስ አጠገብ በፒሬየስ ነበር። የግሪኩ ተጫዋች ኒኮስ ጋሊስ በዚያ ምሽት ብቻውን 40 ነጥብ አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ ቅርጫት ኳስ በየመንደሩ ገባ፤ የደሴት ልጆችም ተከተሉት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሊጉ ሙሉ በሙሉ ፕሮፌሽናል ሆነ። አንድ ክለብ እዚያ ለመጫወት ከአማተሩ ማኅበር ተነጥሎ የሚተዳደር አክሲዮን ማኅበር ማቋቋም ነበረበት። ይህ አሠራር ለታሪካችን ወሳኝ ነው። ገንዘብ ሲያልቅ የሚፈርሰው አክሲዮን ማኅበሩ ነው። እናት ክለቡ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ወደ ታች ወርዶ ከሕፃናትና ከወጣቶች ጋር እንደገና ይጀምራል።

የ2016–17 የውድድር ዓመት የደሴቶቹ ወርቃማ ጊዜ ነበር። ከ14 ክለቦች አራቱ የደሴት ነበሩ። ከሮድስ ኮሎሶስ፣ ከቀርጤስ ሬቲምኖ፣ ከኤቪያ ኪሚ፣ ከሌፍካዳ ደግሞ ዶክሳ። በሊጉ ካርታ ላይ ባሕሩ ይህን ያህል ቦታ መያዙ ያስደስታል።

ብዙ ሰው የደሴት ክለቦችን የሚያደክማቸው ጉዞ ነው ይላል። እውነት አለው። በክረምት የኤጅያን ባሕር ነፋስ ኃይለኛ ነው። በነፋስ ኃይል መለኪያው በቦፎር 8ና ከዚያ በላይ ሲደርስ የወደብ ባለሥልጣናት መርከብ እንዳይነሳ ይከለክላሉ። ሜዳው፣ ዳኛውና ደጋፊው ዝግጁ ሆነው እንግዳው ቡድን ወደብ ላይ ሊቀር ይችላል። አውሮፕላን አለ፤ ግን ዋጋው ሌላ ነው። ያም ሆኖ ጉዞ ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም። ሌፍካዳ ከየብስ ጋር በአጭር መንገድና በተንሳፋፊ ድልድይ የተያያዘች ናት። ኤቪያም ሁለት ድልድይ አላት። ከእነዚህ ሁለት ደሴቶች ወደ አቴንስ በአውቶቡስ ይኬዳል፤ ክለቦቻቸው ግን አልጸኑም።

የኪሚ ጉዳይ ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ኪሚ በኤቪያ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በማህፀን በር ካንሰር ምርመራው የሚታወቀው ሐኪም ጆርጅ ፓፓኒኮላው የተወለደው እዚያ ነው። ክለቡ ግን የሜዳ ጨዋታውን የሚያደርገው በደሴቲቱ ዋና ከተማ በሃልኪዳ፣ በታሶስ ካምቡሪስ አዳራሽ ነበር። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የኪሚ ነዋሪ የራሱን ቡድን ለማየት እንደ እንግዳ መጓዝ ነበረበት። እንደ እኔ ትልቁ ችግር ይህ ነበር። ክለብ ከሰፈሩ ሲርቅ ስሙ ይቀራል፤ ትኬት የሚገዛውና ልጁን ይዞ የሚመጣው ሰው ግን ይሳሳል። ኪሚ ከ2018–19 በኋላ ከሊጉ ወጣ።

በዚያው ዓመት ሊጉ ራሱ ተናወጠ። ኦሊምፒያኮስ በዳኝነት ቅሬታ የተነሳ ፓናቲናይኮስን አልገጥምም አለ። ቅጣቱ ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን መውረድ ሆነ። በ2019–20 ታላቁ የፒሬየስ ክለብ ኦሊምፒያኮስ በከፍተኛው ሊግ አልነበረም፤ የሊምኖሱ ኢፌስቶስ ግን ነበር። ሊምኖስ በሰሜን ኤጅያን ያለች፣ ነዋሪዋ 16,000 ገደማ የሆነ ደሴት ናት። የክለቡ ስም የተወሰደው ከእሳትና ከአንጥረኞች አምላክ ነው። በጥንት ግሪኮች አፈ ታሪክ አምላኩ ከሰማይ ሲወረወር የወደቀው እዚያች ደሴት ላይ ነው። አውሮፕላን ማረፊያዋም በእሱ ስም ይጠራል። የደሴቲቱ ሕዝብ በሙሉ ቢሰበሰብ አንድ መካከለኛ የእግር ኳስ ስታዲየም አይሞላም። ይህን ያህል ሰው ያላት ደሴት ከፓናቲናይኮስ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ መቀመጧ ትልቅ ነገር ነው።

በማርች 2020 ኮሮና ሁሉንም አስቆመ። ውድድሩ ሳይጠናቀቅ ፓናቲናይኮስ ሻምፒዮን ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ሊጉ ወደ 12 ክለብ ሲቀንስ ኢፌስቶስ አልተመለሰም። ለዓመታት ከሊጉ ጋር የቆየው ሬቲምኖም አብሮ ወጣ። ከደሴቶቹ የቀረው ኮሎሶስ ብቻ ነበር።

ኮሎሶስ ለምን ቆመ? በ1963 የተመሠረተ ነው፤ ሥሩ የጠለቀ ነው። በራሱ ከተማ፣ በቬኔቶክሊዮ አዳራሽ ይጫወታል። ሮድስ ደግሞ ትልቅ የቱሪዝም ደሴት ናት፤ አንድ የሆቴል ኩባንያ በክለቡ ስም ላይ ስሙን አክሎ ስፖንሰር ሆኖታል። የሊጉ ወቅትና የቱሪስት ወቅት አይገጣጠሙም፤ አንዱ በክረምት ነው፣ ሌላው በበጋ። በበጋ ሆቴሎች ያገኙት ገቢ በክረምት የተጫዋች ደመወዝና የአውሮፕላን ትኬት ለመክፈል ያግዛል። ሊምኖስና ኪሚ በዚህ መጠን የሚከፍል ሀብት በአካባቢያቸው አልነበራቸውም።