የተዘጉት የአሜሪካ የቅናሽ መደብሮች፦ ምን ነበሩ፣ ለምን ይናፈቃሉ

ኬማርት፣ ኤምስ፣ ዜይር፣ ካልዶር፣ ብራድሊስ፣ ሂልስ፣ ቬንቸር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ያደገ ሰው ከእነዚህ በአንዱ ገብቶ የትምህርት ቤት ጫማ ሳይለካ አልቀረም። የቅናሽ ዲፓርትመንት ስቶር ማለት ከካልሲ እስከ መኪና ባትሪ፣ ከመጋረጃ እስከ ቴሌቪዥን ያለውን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ መሀል ከተማ ካለው ባለ ፎቅ መደብር በረከሰ ዋጋ የሚሸጥ ቤት ነው። ይህንኑ ሥራ ዛሬም ዎልማርትና ታርጌት ስለሚሠሩት ሰው የሚናፍቀው ርካሽ ዋጋውን አይደለም። የሚናፍቀው ወጪ ለመቀነስ ሲባል አንድ በአንድ የተነሱትን ነገሮች ነው፦ የመክሰሱን ባንኮኒ፣ የሌይአዌዩን (ዕቃ አስቀምጦ ቀስ በቀስ የሚከፈልበትን) መስኮት፣ በድምፅ ማጉያ የሚጣራውን ሠራተኛ።

ሥራው ሥር የያዘው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ኢንግላንድ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሲዘጉ ግዙፍ ሕንፃዎች ባዷቸውን ቀሩ፤ ኪራያቸው ርካሽ፣ ወለላቸው ሰፊ ነበር። አን ኤንድ ሆፕ በ1953 በሮድ አይላንድ፣ ኤምስ ደግሞ በ1958 በሳውዝብሪጅ ማሳቹሴትስ የጀመሩት በእንዲህ ዓይነት ፋብሪካ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን በብዙ ክፍለ ግዛቶች የዕቃውን መሸጫ ዋጋ አምራቹ እንዲወስን የሚፈቅድ ሕግ ስለነበር ቅናሽ መስጠት ራሱ የሚያስከስስ ድፍረት ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1948 የተከፈተው ኮርቬት የአባልነት ካርድ እያደለ «እኛ ለአባላት ነው የምንሸጠው» በሚል ሕጉን ዞረ። ሕጉ በፌዴራል ደረጃ የተሻረው በ1975 ነው፤ ኮርቬት ግን ከዚያ በኋላ የቆየው እስከ 1980 ብቻ ነበር።

የዘርፉ ትልቅ ዓመት 1962 ነው። በሳንቲም የሚገዛ ርካሽ ዕቃ ይሸጥ የነበረው ኤስ ኤስ ክሬስጊ የመጀመሪያውን ኬማርት መጋቢት 1 ቀን በጋርደን ሲቲ ሚሺጋን ከፈተ። ታርጌት በግንቦት፣ የዉልዎርዝ ልጅ የሆነው ዉልኮ በሰኔ፣ ዎልማርት በሐምሌ ተከተሉ። ኬማርት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ2,400 በላይ መደብሮች ነበሩት።

ሕንፃው ዋጋውን ለመቀነስ ተብሎ የተሠራ ነው። አንድ ፎቅ ብቻ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ መስኮት የሌለው የብሎኬት ግድግዳ፣ ከፊት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ፤ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ካሬ ጫማ፣ ማለትም ከ7,400 እስከ 9,300 ካሬ ሜትር ገደማ። ሻጭ አጠገብህ ቆሞ አያግባባህም፤ ዕቃውን ራስህ አንስተህ በጋሪ እየገፋህ መውጫው ላይ በአንድ ጊዜ ትከፍላለህ። ትርፉ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ስለሆነ ሥራውን የሚያቆመው ዕቃው ቶሎ ቶሎ መሸጡ ነው። መደርደሪያ ላይ የሚከርም ዕቃ እዚህ ቤት ጠላት ነው፤ የኬማርት ዝነኛ ሰማያዊ መብራትም የተፈለሰፈው ለዚሁ ነው።

ነገሩ በ1965 በፎርት ዌይን ኢንዲያና ኬማርት ተጀመረ። አልሸጥ ያለ ዕቃ ያስቸገረው ረዳት ሥራ አስኪያጅ የፖሊስ መኪና ዓይነት ተሽከርካሪ መብራት በምሰሶ ላይ አቆመ፤ ዘዴው ሲሠራ ሁሉም ቅርንጫፍ ተቀበለው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ምሰሶውን በተሽከርካሪ ጋሪ ወደሚፈለገው መደርደሪያ ይገፉታል፣ ከዚያ «የኬማርት ደንበኞች ልብ በሉ» የሚል ጥሪ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ቅናሹ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሠራተኛው በዋጋ መለጠፊያ መሣሪያው እዚያው ቆሞ አዲሱን ዋጋ ይለጥፋል፤ መብራቱ ሲጠፋ ያልተለጠፈበት ዕቃ ወደ ድሮው ዋጋው ይመለሳል። ሕዝቡ ጋሪውን እየገፋ የሚሮጠው ምን እንደሚሸጥ እንኳ ሳያውቅ ነበር፤ ካልሲ ሊሆን ይችላል፣ የሽንት ቤት ወረቀትም ሊሆን ይችላል። ኩባንያው በ1991 አስቀረው፤ በ2001 ሲመልሰው ግን የድሮውን ያህል ሰው አላስሮጠም።

ሌይአዌይ ክሬዲት ካርድ የሌለው ቤተሰብ መውጫ ነበር። የመረጥከውን ዕቃ ከመደብሩ ጀርባ ወዳለው መስኮት ትወስዳለህ፣ ከዋጋው 10 ወይም 20 በመቶ ያህል ቀብድና ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ትከፍላለህ፣ ዕቃው ስምህ ተለጥፎበት መጋዘን ይገባል። ቀሪውን በአብዛኛው ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ከፋፍለህ ትጨርሳለህ። ወለድ የለውም። ካቋረጥክ ገንዘብህ መቀጫ ተቀንሶበት ይመለሳል፣ ዕቃውም ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። ለሻጩ ግን ራስ ምታት ነው፦ መጋዘኑን ይይዛል፣ የገና መጫወቻ በጥር ተመልሶበት ዋጋ ያጣል፣ ወረቀቱም ብዙ ነው። ዎልማርት በ2006 ሲያቆመው ኬማርት ግን ይዞት ቀጠለ።

ልጆች የሚያስታውሱት ሽታውን ነው። ሂልስ የመክሰስ ባንኮኒውን በር አጠገብ ስላደረገው የገባ ሁሉ የፈንዲሻና የትኩስ ፕሬዝል ሽታ ይቀበለው ነበር። ይህ ደግነት ብቻ አልነበረም፤ ፈንዲሻ የያዘ ልጅ አያለቅስም፣ ልጅ ካላለቀሰ እናት ትቆያለች።

የወደቁበት ምክንያት ከመደብር መደብር ይለያል። ኤምስን የገደለው ከአቅም በላይ መጉረስ ነው። በ1988 ወደ 400 የሚጠጉ የዜይር መደብሮችን በ800 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ስማቸውን ቀይሮ የዜይር ደንበኞች የለመዱትን ማስታወቂያና ቅናሽ ሲያስቀር ሰው ራቀው፤ በ1990 ኪሳራ አወጀ። ከዚያ አገግሞ ሂልስን ገዛና ያንኑ ስህተት ደገመ፤ በ2002 ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። ዜይርን የሸጡት ባለቤቶች ግን ብልጦች ነበሩ፤ ለራሳቸው ያስቀሩት ሌላው የመደብር ሰንሰለት ቲ ጄ ማክስ ዛሬም በሽ ነው። ኬማርት ደግሞ በ1980ዎቹ የመጻሕፍትና የሕንፃ ዕቃ መደብሮችን ሲገዛ የራሱን ቤት ረሳ። ዎልማርት የዕቃ ማከፋፈያውን በኮምፒውተር ሲያሳልጥ፣ ኬማርት በእሁድ ጋዜጣ ያስተዋወቀው ዕቃ ሰኞ መደርደሪያ ላይ አይገኝም ነበር። በ2002 ኪሳራ ገባ፣ ወደ 600 የሚጠጉ መደብሮችን ዘጋ፣ በ2005 ከሌላው ትልቅ መደብር ከሲርስ ጋር ተቀላቀለ፣ የሁለቱ የጋራ ኩባንያ ሲርስ ሆልዲንግስም በ2018 ኪሳራ አወጀ። ናፋቂዎች እነዚህን የመጨረሻ ዓመታት ይዘሏቸዋል፦ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ሥሩ የተደረደረ ባልዲ፣ ባዶነቱ እንዳይታይ አንድ ረድፍ ዕቃ ወደ ጫፍ የተሳበበት መደርደሪያ።

የመዝጊያ ሽያጩም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ማስታወሻ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ሥራውን የሚይዘው የሚዘጋን መደብር ዕቃ ሸጦ የሚጨርስ የማጣሪያ ኩባንያ ነው። መጀመሪያ ቀድሞ የነበሩ ቅናሾች ተነስተው ዋጋው ወደ ሙሉው ይመለሳል፣ ከዚያ 10 ወይም 20 በመቶ ይቀነሳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ብዙውን ጊዜ ከማጣሪያው በፊት ከነበረው ይወደዳል። ከሌላ ቦታ የመጣ ዕቃም ይቀላቀልበታል። የተገዛ አይመለስም፤ የስጦታ ካርድ ያለው ሰው ቀኑ ሳያልፍበት መጠቀም አለበት። መደርደሪያው፣ ጋሪውና የውስጥ ምልክቶቹ የሚሸጡት መጨረሻ ላይ ነው። ትልቁ የውጭ ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሽያጭ አይቀርብም።

የዕቃውን ዕድሜ ለመለየት ማሸጊያው ይበቃል። «ኤስ ኤስ ክሬስጊ» የሚል የኬማርት ዕቃ ኩባንያው ስሙን ከቀየረበት ከ1977 በፊት ነው፤ አድራሻው ዲትሮይት ከሆነ ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ትሮይ ሚሺጋን ከመዛወሩ በፊት ነው። ትልቅ ቀይ ኬ ሆኖ «ማርት» የሚለው በውስጡ በነጭ የተጻፈበት ምልክት ከ1990 ወዲህ ነው። ሻጩ «የ60ዎቹ ነው» እያለ ባርኮድ ካለበት እጅህን ሰብስብ፤ የመጀመሪያው ባርኮድ በሱቅ የተነበበው በ1974 ነው።

ሙቀት የሚያትመው ወረቀት ላይ የወጣ ደረሰኝ በራሱ ይደበዝዛል፣ በፕላስቲክ ኪስ ሲቀመጥም ይብሳል፤ በጊዜ ስካን መደረግ አለበት። የእሁድ ማስታወቂያ ወረቀት አሲድ ስላለበት ይቢጫል፣ ይሰባበራል፤ ከአሲድ ነፃ በሆነ አቃፊ፣ ከፀሐይ ርቆ ቢቀመጥ ይቆያል። ከወረቀቱ ሁሉ የበለጠ ሰው የሰበሰበው ግን ድምፅ ነው። በኔፐርቪል ኢሊኖይ ኬማርት ይሠራ የነበረ ሰው ለመጣል የተዘጋጁ የመደብሩን የሙዚቃና የማስታወቂያ ካሴቶች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አስቀምጦ በ2015 ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው የድረ ገጽ ቤተ መዛግብት ላይ ጫናቸው። ካሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ስለዋሉ ድምፃቸው የተበላ ነው፣ አድማጮች ግን ያንኑ የተበላውን ይወዱታል።

በአህጉራዊው አሜሪካ የመጨረሻው ሙሉ መጠን ያለው ኬማርት፣ የብሪጅሃምፕተን ኒው ዮርኩ፣ በጥቅምት 2024 ተዘጋ። በዚያን ጊዜ ማያሚ ውስጥ አንድ ትንሽ፣ በጉዋምና በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ደግሞ ጥቂት ቀርተው ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ የሚታየው ኬማርት ስሙን ይጋራል እንጂ ሌላ ኩባንያ ነው፤ የአውስትራሊያው ኩባንያ የዌስፋርመርስ ንብረት ሆኖ ጥሩ ገበያ አለው።