ዞኒንግ ምንድን ነው? ግድግዳ የሌለውን ሳሎን በዕቃ መከፋፈል

አሁን አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠሩ ብዙ አፓርትመንቶች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ ሳሎኑ፣ የምግብ ቦታውና ኩሽናው በአንድ ላይ ወለል ብለው ይታያሉ። ደላላው "ኦፕን ኪችን ነው" ይላችኋል። ቤቱ ባዶውን ሲታይ ሰፊ ነው፤ ብርሃኑም ደስ ይላል። ጭንቀቱ የሚመጣው ዕቃ የገባ ቀን ነው። ሶፋው የት ይሁን? ቲቪው በየት በኩል ይዙር? እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጥ?

ዞኒንግ የሚባለው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። አንድን ክፍት ቦታ ግድግዳ ሳይሠሩ፣ በዕቃ አቀማመጥ፣ በምንጣፍና በመብራት ለየአገልግሎቱ መለየት ማለት ነው። እዚህ ይቀመጣል፣ እዚያ ይበላል፣ በዚህ በኩል ይታለፋል። ግድግዳው ይሠራው የነበረውን ሥራ ዕቃው ይረከባል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። የገጠሩን ጎጆ አስቡት። መሃሉ ላይ ምሰሶ፣ ከምሰሶው ራቅ ብሎ ምድጃ፣ በግድግዳው ጥግ መደብ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ግን እንግዳ የት እንደሚቀመጥና ወጥ የት እንደሚሠራ የሚሳሳት የለም። የሚከለለው ጓዳው ብቻ ነው። በዘመናዊው ሥነ ሕንፃ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት ነው። በ1910 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ውስጥ በተጠናቀቀው ሮቢ ሃውስ በተባለ መኖሪያ ቤት ሳሎኑንና የምግብ ክፍሉን በግድግዳ አልዘጋቸውም፤ በመካከላቸው የእሳት ማንደጃ ብቻ አቆመ። በኋላ ኮንክሪት ሲስፋፋ ሐሳቡ ቀለለ። ሸክሙን ኮለኑና ስላቡ (የኮንክሪት ምሰሶውና ወለሉ) ከያዙት የውስጥ ግድግዳ ቢቀር ሕንፃው ምንም አይሆንም። የእኛም አፓርትመንቶች የሚቆሙት በዚሁ ዘዴ ነው።

እኛ ቤት ሶፋ ግድግዳ ይደገፋል። ዙሪያውን ይደረደርና መሃሉ ባዶ ይተዋል። ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። በዓል ሲሆን ቄጤማው የሚጎዘጎዘው፣ መሶቡ የሚቀርበው፣ ልጆች የሚጨፍሩት መሃል ላይ ነው። አራት ግድግዳ ባለው ሳሎን ያስኬዳል። ክፍት ሳሎን ውስጥ ግን አንዱ ሶፋ በረንዳው ጋ፣ ሌላው መግቢያው ጋ ይሆንና በመካከላቸው አራት አምስት ሜትር ይፈጠራል። ሰው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ተመችቶት የሚጫወተው እስከ 3 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ ጨዋታው ይበተናል፤ ሁሉም ዓይኑን ቲቪው ላይ ይተክላል። ለቤተሰብ የሚሆን ሳሎን ሰው እርስ በርሱ የሚተያይበት መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሶፋውን ከግድግዳ ለማላቀቅ አትፍሩ።

ከሶፋው በፊት ግን መንገዱን ፈልጉ። ከመግቢያ ወደ ኩሽና፣ ከመኝታ ቤቶቹ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በረንዳ ሰው በየት በኩል ነው የሚያልፈው? እነዚህን መስመሮች ወረቀት ላይ አስምሯቸው። ለዋናው መተላለፊያ 90 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። መንገዱ በተቀመጡ ሰዎችና በቲቪው መካከል ከሰነጠቀ ያ ቤት ሰላም የለውም። ልጅ በሮጠ ቁጥር፣ ልብስ ሊያሰጣ የሚወጣ ሰው ባለፈ ቁጥር ዜናውም ወጉም ይቋረጣል።

በምሳሌ እንየው። ቦታው ወርዱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 9 ሜትር ነው እንበል። በአንዱ ጫፍ ኩሽና፣ በሌላው ጫፍ በረንዳ አለ። የመግቢያው በርና የበረንዳው በር በአንድ ወገን ናቸው። እዚህ ቤት እኔ ሶፋውን በዚያ ወገን ካለው ግድግዳ 90 ሴንቲ አርቄ ነው የማስቀምጠው። መንገዱ በሶፋው ጀርባ ያልፋል። የሶፋው ጥልቀት ራሱ ወደ 90 ሴንቲ ነው። ቲቪ ስታንዱ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ተጠግቶ 40 ሴንቲ ይወስዳል። በሶፋውና በስታንዱ መካከል 1 ሜትር ከ80 ይቀራል።

ጠባብ ይመስላል፤ ግን ይበቃል። 60 ሴንቲ ስፋት ያለው ጠረጴዛ ከሶፋው 45 ሴንቲ ርቆ ይቀመጥበታል። ከጠረጴዛው እስከ ስታንዱ ደግሞ 75 ሴንቲ ይተርፋል። ያቺን 45 ሴንቲ አትቀንሱባት። ታላቅ ሰው ሲገባ "ኖር!" ብሎ ለመነሳት ጉልበት ከጠረጴዛ ጋር መጋጨት የለበትም። በጣም ብትሰፋ ደግሞ ሲኒ ለማስቀመጥ ከመቀመጫ መነሳት ይመጣል። ከተቀመጠው ሰው ዓይን እስከ ስክሪኑ ወደ 2 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ ለ55 ኢንች ቲቪ ደህና ርቀት ነው።

ሶፋው ኤል ሼፕ ከሆነ አጭሩ ክንድ ጀርባውን ለምግብ ጠረጴዛው ይስጥ። ያ ጀርባ ነው ግድግዳችሁ። ሳሎኑ እዚህ ላይ እንደሚያበቃ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ከፍታው ግን 80 ወይም 90 ሴንቲ ስለሆነ ብርሃን አይከለክልም። በክንዱ ጫፍና በስታንዱ መካከል ሰው የሚገባበት 90 ሴንቲ ያህል ክፍተት ይኑር። ከዚያ 2 በ3 ሜትር የሆነ ምንጣፍ አንጥፉና የሶፋውን የፊት እግሮች ላዩ ላይ አሳርፏቸው። ትንሽ ምንጣፍ ጠረጴዛ ሥር ብቻ ሲነጠፍ ዕቃውን አንድ ላይ አይሰበስበውም፤ ሳሎኑንም ያሳንሰዋል። በምንጣፍ ላይ የሚወጣ ብር የሚያስቆጭ አይደለም። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን በሆነ ክፍት ቤት ድምፅ ያስተጋባል፤ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ያንን ይውጡታል።

የምግብ ጠረጴዛው ከአጭሩ ክንድ ጀርባ፣ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ይቀመጥ። ሰው ወንበር ስቦ እንዲነሳ በየወንበሩ በኩል 75 ሴንቲ ተዉለት። ከበላዩ ከጠረጴዛው 75 ሴንቲ ያህል ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል መብራት ካለ ያ ቦታ ማታ ማታ ራሱን የቻለ ክፍል ይሆናል።

ኩሽናው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ኦፕን ኪችንን የሚጠላው በእሱ ምክንያት ነው። ጓዳችን የቤቱ ገመና ነው። እንግዳ ተቀምጦ ያልታጠበ ሳህን ሲያይ ባለቤቲቱ ትሳቀቃለች። ግማሹን የሚፈታው የመቀመጫው አቅጣጫ ነው። ዋናውን የእንግዳ ቦታ አጭሩ ክንድ ላይ ካደረጋችሁት ጀርባው ለኩሽና፣ ፊቱ ለበረንዳው ብርሃን ይሆናል። ሌላውን ግማሽ ደግሞ ባንኮኒው ይፈታዋል። በሳሎኑ በኩል ያለውን ጠርዝ ከሥራ ቦታው 20 ሴንቲ ያህል ከፍ ብታደርጉት ሲንኩ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ይሰወራል። ሽታው ግን በዕቃ አቀማመጥ አይከለልም። ቁሌት ሲንጫጫ ሽታው በቀጥታ ሶፋው ላይ ነው የሚያርፈው። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ የጭስ መሳቢያ (ሁድ) አስገጥሙ፤ እዚያው አጣርቶ መልሶ የሚለቀው ዓይነት ለእኛ ወጥ አይበቃም። የሶፋው ልብስም ወልቆ የሚታጠብ ይሁን።

በየትኛውም የውጭ አገር ሥዕል ላይ የማታገኙት አንድ ዞን አለ፤ የቡና ቦታ። ብዙ ቤት ዕቃው ሁሉ ከተደረደረ በኋላ ረከቦቱ የተረፈው ጥግ ውስጥ ይወሸቃል። ይህ አይገባውም። ከላይ ባየነው ቤት ሶፋው ካለቀበት እስከ በረንዳው ድረስ 1 ሜትር ከ20 ያህል ካተረፋችሁ፣ ከቲቪው ወገን ያለው ጥግ ለቡና ይሆናል። የምታፈላዋ ሴት ፊቷን ወደ ሰው አዙራ ትቀመጣለች፤ ከጨዋታው አትነጠልም። በረንዳው ቅርብ ስለሆነ በሩ ተከፍቶ የከሰሉ ጭስ ይወጣል። ከሰል በተዘጋ ቤት ማንደድ ሕይወት ያጠፋል፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ስለዚህ የቡናው ቦታ መስኮት ወይም በረንዳ አጠገብ ይሁን ስል ለውበቱ ብቻ ብዬ አይደለም።

ለበዓልና ለብዙ እንግዳ ቀን ደግሞ ዕቃው መንቀሳቀስ መቻል አለበት። መሃሉን ከባድ ጠረጴዛ ከሚይዘው ሁለት ቀላል ጠረጴዛ ይሻላል፤ ተነስተው መሶቡ በቦታቸው ይቀርባል። ዱካና በርጩማም ቦታ አይፈጁም፤ ከሶፋው ጀርባ ተደርድረው ሊቆዩ ይችላሉ፣ መንገዱን እስካልዘጉ ድረስ።

ይህን ሁሉ ሶፋ ሳትገዙ መሞከር ትችላላችሁ። ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ግዙና የሶፋውን፣ የጠረጴዛውንና የስታንዱን ልክ ወለሉ ላይ ለጥፉ። ጥቂት ቀን በመስመሮቹ መካከል ተመላለሱ። ልጆቹ የቱ ጋ መስመሩን እንደሚረግጡ ተመልከቱ፤ ዕቃው መነሳት ያለበት እዚያ ጋ ነው። ልኩን ይዛችሁ ወደ ሶፋ ሠሪው ስትሄዱ የመግቢያውን በር፣ የደረጃውን መታጠፊያና የሊፍቱን በርም ለክታችሁ ሂዱ። ኤል ሼፑ በሁለት ወይም በሦስት ቁራጭ ይሠራ። በር ላይ አያስቸግርም፤ ለበዓልም ተለያይቶ ይዞራል።